የዶክተር ሶሊያና አርባ ደቂቃ

ግመሏን ከቆቦ እስከ አፋር በረሃ የማያውቃት የለም። ጨው ተሸክማ ስትወጣ ዞብል ተራራ ጎንበስ ብሎ የሚያሳልፋት፣ አንዴ ስትጮህ ጎብዬ ላይ የሻይ ብርጭቆ የሚሰነጠቅ፣ እንዲያ ያለች ግመል ናት። የባለቤቴ የአሚና ታናሽ ወንድም ኑሀ ገዛትና ገና በሁለተኛው ቀን ማሽላ ሊጭንባት ሲያንበረክካት በፊት እግሯ ሆዱን መታችው። እሱ "ገፋ አደረገችኝ" ነው የሚለው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ከቆቦ ተነስቶ ሮቢት ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው ነው የያዝኩት።

ዓመቱ 2006 ነው፣ ወሩ ግንቦት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል አስገባነው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። አስፋልት ዳር ያለው ነው ካላችሁኝ ግን አልክድም።

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ኢንተርን የሚባሉ ተለማማጅ ሐኪሞች ይላኩልን ነበር። ኢንተርን ማለት ትምህርቱን የጨረሰ፣ ነገር ግን ገና ያልተመረቀ፣ ስለዚህም ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም የሚያዘው ዶክተር ነው። ዲዩቲ የሚሉት ነገር አላቸው። ጧት ሁለት ሰዓት ይገባሉ፤ ቀኑን ይሠራሉ፤ ሌሊቱን ያድራሉ፤ በማግስቱም ሌላው ሰው አድሮ እንደመጣ ሁሉ እስከ ማታ ይቀጥላሉ። እኛ አገር በሬ እንኳ ፀሐይ ሲበረታ ይፈታል። እነዚህን ግን የሚፈታቸው አልነበረም።

የወንዶችን ክፍል የያዘችው ዶክተር ሶሊያና ትባላለች። ከማዳመጫዋ ጋር ብትመዘን ማዳመጫው ይበልጣታል። ኑሀን አገላብጣ አየችው፣ በአልትራሳውንድም አየችው፤ ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ጋሼ ታሂር፣ ጣፊያው ተጎድቷል" አለችኝ። "ለጊዜው ደሙ የቆመ ይመስላል። እንደገና ሊጀምር ስለሚችል ግን ነቅተን እንጠብቀዋለን። ከጀመረ ቀዶ ጥገና ነው።"

"አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። እኔ ስጠብቅ ዝንብ አያልፍም።"

"ዝንቧ ትለፍ። እርስዎ አራት ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ከገረጣ፣ ካላበው፣ ውሃ ውሃ ካለ፣ ሆዱ ከጠነከረ፣ ወዲያው ይጥሩኝ። ምግብ ላይ ብሆን፣ ሽንት ቤት ብሆን ይጥሩኝ።"

አራቱን በጣቴ ቆጥሬ ደገምኩላት። ተኝቼም ቢሆን አላለችም። እንቅልፍ በሐሳቧም ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣች የኑሀን የደም ግፊት ትለካና በወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። በመሀል ሌሎቹን ሰባት አልጋዎች ታያለች፤ በመሀል ድንገተኛ ክፍል ይጠሯታል፤ በመሀል የሴቶች ክፍል ይጠሯታል። እኔም ከጎኑ ሆኜ አልተኛሁም። አሚና በማግስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ "አንኮራፍተህ ግድግዳውን ስታርስ ነው ያደርከው፣ ኑሀ ነግሮኛል" አለችኝ። ኑሀ የሚያወራውን ሁሉ የሚያምን ሰው ቤት ነው የምኖረው።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የቆቦ ግንቦት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ እንቁላል ብትሰብሩበት ጫጩት ሆኖ ይወርዳል። ዶክተር ሶሊያና ገባች። የኑሀ አልጋ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች፣ ግፊቱን ለካች፣ መጻፍ ጀመረች። እስክሪብቶው መሀል ላይ ቆመ። ከዚያ ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ወርዶ ፍራሹ ጠርዝ ላይ አረፈ።

ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ።

በእኛ አገር የተኛ እንግዳ አይቀሰቀስም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ከነአልጋው ተሸክመን አውጥተን ነው ውሃ የምንፈልገው። ይህች ልጅ ደግሞ እንግዳም ናት፣ ለእኛው ስትል የደከመች እንግዳ። ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ አቦይ ገብረ ኪዳን አሉ፤ አባታቸው ከትግራይ ወርደው እዚሁ ነግደው የከበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ከእህል ጭነት ላይ ወድቀው እግራቸው በጀሶ የታሰረ ሽማግሌ። ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው ወረወሩልኝ።

"አልብሳት፣ ታሂር። ስቕ፣ ዝም በሉ እናንተ።"

አለበስኳት። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። መጋረጃውን ሳብኩ። መስኮቱን ገጠምኩ። በር ላይ ቆሜ ጠያቂ መለስኩ። ጥጉ ላይ ሳል የያዘው ሰውዬ አለ፤ ትራሱን አፉ ላይ አደረግሁለት፤ እሱም ጨዋ ነው፣ ሳሉን ዋጠው። አንዱ ስልኩ ሲንጫረር ተቀመጠበት። ውጭ አንድ ሲኖትራክ ሊያናፋ ሲል ወጥቼ በጣቴ ብቻ ጠቀስኩት፤ ጥሩምባውን እንደያዘ ቆቦን ጨርሶ ወጣ። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ከአላማጣ እስከ ወልድያ ያለው አስፋልት በካልሲ ነበር የሚሄደው።

ተመልሼ ስቀመጥ ኑሀ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

"ውሃ" አለ በከንፈሩ።

ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። በግንቦት ቆቦ ላይ ውሃ ያልፈለገ ማን አለ?

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በጋዜጣ አራገብኩለት። መስኮቱን ዘግቼ ላብ ቢመጣ ምን ይደንቃል? ፊቱም የነጣ መሰለኝ፤ መጋረጃው ነው ብዬ ተውኩት። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጉልበቱን ሰበሰበ። ነካሁት፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እየታገሰ ነው ብዬ ኮራሁበት። ኑሀም የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ ወስዶ ነከሰ፤ ትንፍሽ አላለም።

አራት ነገር ብላኝ ነበር። አራቱንም አየሁ፤ ለአራቱም መልስ ነበረኝ።

መልስ ያጣሁለት አምስተኛው ነው። እጁን ስይዘው ቀዘቀዘኝ። በዚያ ሙቀት፣ በተዘጋ ክፍል፣ የሰው እጅ ከጉድጓድ እንደወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ። እጄን ወደ ዶክተሯ ትከሻ ዘረጋሁ። ዘርግቼ፣ እዚህ ላይ አልዋሽም፣ አልነካኋትም። ፊቷን አየሁት፤ እንደ ሕፃን ነው የምትተነፍሰው።

አቦይ ገብረ ኪዳን ከማዶ ሹክ አሉኝ። "ምንድነው?"

"እጁ ቀዘቀዘ።"

"እስቲ አምስት ደቂቃ ጨምርላት።"

ጨመርኩላት።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ሲስተር የሺ ከማዋለጃ ክፍል መጣች። መርፌ የያዘ ሳህን ይዛለች። ኑሀን አየች፤ ሳህኑን መሬት ላይ ለቀቀችው። ያ ሁሉ የጠበቅነው ጸጥታ እዚያው ተሰበረ።

"ሶሊያና፣ ተነሺ። ሰውዬው እየሄደ ነው።"

ልጅቱ ዓይኗ ሳይከፈት እጇ የኑሀ አንጓ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስቆጥር ሰላሳ ሰው ይመስለኛል የገባው፤ አራት ነበሩ ይላሉ። አልጋውን እየገፉ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። እኔም ደም ስጥ ተባልኩ፣ ሰጠሁ፤ አንድ ጀሪካን ነው፣ ይቅር ብያለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አሚና ደርሳ አጠገቤ ቆመች።

"አንተ ምን ትሠራ ነበር?" አለችኝ።

መስኮት ስዘጋ ነበር ማለት አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ጥያቄዋን ሳልመልስ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ "ተርፏል፤ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ግን አናገኘውም ነበር" አለን። አሚና አለቀሰች። ዶክተር ሶሊያና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ እሷ አላለቀሰችም፤ እሷን ማየት ነው የከበደኝ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ወሬው ደረሰን። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ዶክተር ሕሉፍ ጉዳዩን ሊያጣራ ነው። ጥፋቷ ከሆነ ለዩኒቨርሲቲው ይጽፋል፤ ከተጻፈባት አትመረቅም፣ ዓመቱን ትደግማለች። ምስክሮቹ ደግሞ እግራቸው በጀሶ የታሰረና ሆዳቸው የተሰፋ ስለሆኑ ምርመራው እኛው ክፍል ውስጥ ይካሄዳል ተባለ።

ክፍሉ መከረ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር እንጂ ብኖር እንዲያ ያለ ምክር አይመከርም። ስመለስ አቦይ ገብረ ኪዳን ጠቀሱኝ።

"ጨርሰናል" አሉ። "ልጅቱ ዓይኗን አልከደነችም። ሁላችንም አንድ ቃል ነን።"

"አቦይ፣ እኔ እኮ ጋቢዎን አልብሻታለሁ።"

"በርዷት ነው።"

"በግንቦት?"

"አንተ ስለ ግመልህ የምትለውን ሁሉ እኛ ዝም ብለን እንሰማ የለ? አንድ ቀን አንተም ስማን።"

ዶክተር ሕሉፍ ገባ። ረጅም፣ መነጽራም፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሶሊያና ከኋላው ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። ሲስተር የሺ የዲዩቲ መዝገቡን ይዛለች።

"ዶክተር ሶሊያና በዚያን ሰዓት ተኝታ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

"አልተኛችም" አሉ አቦይ።

"አልተኛችም" አለ ሳላሙ፤ ከዚያ ከሦስት ቀን ጀምሮ የዋጠውን ሳለ።

ከጥግ እስከ ጥግ አልተኛችም ሆነ።

"ተኝቼ ነበር" አለች ሶሊያና።

"ትሕትናዋ ነው" አሉ አቦይ። "ያሳደጋት ይባረክ።"

ዶክተር ሕሉፍ መነጽሩን አወለቀ። "እሺ። አልተኛችም። ነቅታ፣ እዚህ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ እያየ፣ ሰው አጠገቧ ደም ሲፈስሰው አርባ ደቂቃ ዝም አለች ማለት ነው?"

ያኔ ነው ክፍሉ የቆፈረውን ጉድጓድ ያየው። ልጅቱን ሊያድኗት ብለው ከእንቅልፋም ወደ ጨካኝ አሳደጓት።

ተነሳሁ።

"ዶክተር፣ ተኝታ ነበር። እንዳትነቃ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ምልክቱን ነግራኝ ነበር፤ አራቱንም አይቼ አልጠራኋትም። መስኮት ዘጋሁ፣ መጋረጃ ሳብኩ፣ የሰው ሳል አስዋጥኩ፣ ሲኖትራክ በጣቴ አስቁሜ ዝም አሰኘሁ።"

"ሲኖትራክ" አለ ዶክተር ሕሉፍ።

"ከነተሳቢው።"

ሲስተር የሺ መዝገቡን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "አያ ታሂር እንደዚህ ነው፣ ዶክተር" አለ ሳላሙ። "ልጅቱን ሊያድን ነው።" አያችሁ እንግዲህ፤ ሰባቱ የተናገሩት ውሸት ምስክርነት ተባለና የእኔ እውነት ተረት ሆነ።

"እውነቱን ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ኑሀ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ብዙ አልተናገረም። "ተኝታ ነበር። ጭንቅላቷ እዚህ፣ ክንዴ አጠገብ ነበር። በጣም ሲያመኝ ልጠራት አሰብኩ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ያየሁት ትዝ አለኝ። የሰው ልጅ ናት፣ እንግዳ ናት ብዬ ጋቢውን ነከስኩ።"

"ልትሞት ነበር እኮ" አለው ዶክተር ሕሉፍ።

"እሱን አላወቅሁም። ማስቸገር ነው የመሰለኝ።"

"ስንት ሰዓት ሠርታ ነበር?" ብሎ ዶክተር ሕሉፍ ወደ እኔ ዞረ።

"መቶ" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው።

ሲስተር የሺ መዝገቡን ገለጠች። "የገባችው በዋዜማው ጧት ሁለት ሰዓት ነው። የተኛችው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሠላሳ አንድ።"

ሠላሳ አንድ። ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ የሚጨመርበት ቦታ አጣሁ።

ሲስተር የሺ የኑሀን ወረቀት ደግሞ ሰጠችው። የደም ግፊቱ በየግማሽ ሰዓቱ ተጽፎበታል፣ ሃምሳ መስመር፤ አንድም የተዘለለ የለም። መጨረሻው ላይ "100/" ይላል። ከዚያ እስክሪብቶው ቁጥሩን ሳይጨርስ ቀጭን መስመር እየጎተተ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ወርዷል። ዶክተር ሕሉፍ ያቺን መስመር በጣቱ ተከተላት።

"እኛ ስንማር" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ "ሠላሳ ስድስት እንሠራ ነበር። ማንም አያማርርም። እንዲያውም እንፎክርበት ነበር።"

አቦይ ገብረ ኪዳን ከአልጋቸው ቀና አሉ። "ወዲ ሓወይ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ሰው ሞቶብህ ያውቃል? በዚያን ጊዜ፣ እንዲህ ደክሞህ?"

ዶክተር ሕሉፍ መነጽሩን በጋውኑ ጫፍ ጠረገ፤ ንጹሕ የነበረውን መነጽር ደግሞ ጠረገው።

"ለዩኒቨርሲቲው የሚጻፈውን እኔ እጽፈዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "የምጽፈው ግን ስለ ሶሊያና አይደለም፤ ስለ መዝገቡ ነው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ሆስፒታል ኢንተርን ከሃያ አራት ሰዓት በላይ አይሠራም። የጎደለውን ሰዓት እኔ ራሴ እገባለሁ።"

"ባለቤትዎ ፈቅደዋል?" አለች ሲስተር የሺ።

"እነግራታለሁ። ሌላም አለ። የሚወጣው ለሚገባው በኮሪደር ላይ 'ሁሉም ደህና ናቸው' ብሎ መሄድ የለም። አልጋ አልጋውን አብረው ይዞራሉ፤ ምን እንደተፈራ በሽተኛው ፊት ይነገራል። ሰዓት ስንቀንስ ሰው እንቀያይራለን፤ ስንቀያይር ነገር ይወድቃል። በሽተኛችን በእንቅልፍ እንዳይሄድብን ብለን በወሬ ጉድለት እንዳይሄድብን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አስታማሚ ደግሞ ሐኪም ሲተኛ የመቀስቀስ ግዴታ አለበት። ያልቀሰቀሰ ከግቢ ይወጣል።"

"እንዴት ብዬ ነው የምቀሰቅሰው?" አልኩት። ጥያቄዬ የምር ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመት ኖሬ የተኛ እንግዳ ቀስቅሼ አላውቅም።

"ስለ ግመሏ ይንገሯት" አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ ወጣ።

ሶሊያና ቀርታ ነበር። ወደ ኑሀ መጣችና ቁስሉን ገልጣ አየች።

"ሌላ ጊዜ እንዲህ ብታደርግ ራሴ ነኝ የምጣላህ" አለችው። "እንዳታስቸግረኝ ብለህ ዕድሜ ልኬን ልታስቸግረኝ ነበር እኮ።"

ኑሀ አንገቱን ደፋ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ስላሉኝ አይደለም፣ በራሴው ነው።

የአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው ርክክብ በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ። የሚረከባት ኢንተርን ፊሊሞን የሚባል ገና ከቤቱ ተጣጥቦ የመጣ ልጅ ነው፤ ሳሙናው እስከ ገበያው ይሸታል። ሁለቱ አልጋ አልጋውን እየዞሩ መጡ። አቦይ ገብረ ኪዳን ግን ደስ አላላቸውም።

"እሷ እኮ እግሬን ታውቀዋለች" አሉ። "ይሄ አሁን ከየት ይጀምራል?"

"ከጣትዎ፣ አቦይ" አለች ሶሊያና። "ነግሬዋለሁ። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ጀሶው ጠብቋል ማለት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ይነካታል።"

"ሌላስ? ጨው የሌለው ምግብ እንደማልበላ?"

"እሱንም።"

የኑሀ አልጋ ጋር ደረሱ። ጣፊያው እንደወጣ፣ ትኩሳት ከጀመረው ምን እንደሚያስፈራ፣ ስንት ከረጢት ደም እንደወሰደ አንድ በአንድ ነገረችው። ፊሊሞን መልሶ ደገመላት፤ አንዱን ሲስት አረመችው። ከዚያ ወረቀቱን አስረክባ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወለቀች። ሃያ አራት ሰዓቷ ሞልቷል። ከበሩ ላይ መለስ ብላ ክፍሉን አየች፤ ማንም እንዳይጠራት ክፍሉ በሙሉ ወደ ግድግዳ ዞረ።

ፊሊሞን ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። "ወንድሜ ኑሀ፣ ያምሃል?" አለው።

ኑሀ እኔን አየኝ፣ አቦይን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። "ያመኛል" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገባሁ ጀምሮ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"የጠየቀኝ ሁሉ ደክሞት ነበር።"

ፊሊሞን ማስታገሻ አዘዘለት። ኑሀም መናገር ቀላል ነገር መሆኑ ገባው። ከዚያ በኋላ መርፌው ቆጠቆጠኝ፣ ትራሱ ቆረቆረኝ፣ ዝንብ ቁስሌን አየችብኝ እያለ እስከ ምሳ ድረስ ፊሊሞንን ሰባት ጊዜ ጠራው። ልጁም ሰባት ጊዜ መጣ፤ ተኝቶ ያደረ ሰው እግሩ ቀላል ነው።

በስምንተኛው ላይ ፊሊሞን ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ጋሼ ታሂር፣ እውነት ለመናገር፣ ሰውዬው ትንሽ አያበዛም?"

"በጋብቻ ተላልፎበት ነው" አልኩት። "አንተ ግን ሂድና እየው።"

ሄዶ አየው።